ማን ይሙት?

አምኃ ከምድር ባቡሩ ወርዶ የተርሚኒ ጣቢያን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ ዓይኑ መቃጠል ጀመረ። ጭስ! ተማሪዎቹና ፖሊሶቹ ዛሬም ተያይዘዋል ማለት ነው። የካቲት 1969 ሮም እንዲህ ነበረች፤ ጠዋት ካፑቺኖ፣ ከሰዓት አስለቃሽ ጭስ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ፣ "ስኩዚ፣ ስኩዚ" እያለ ሰው እየገፋ ወደ ቪያ ቮልቱርኖ ታጠፈ። አንዲት አሮጊት ዘንቢሏን ስላላተመባት እስከ አያት ቅድመ አያቱ ሰደበችው። አልሰማትም። ጆሮው ውስጥ ያለው ጽጌረዳ ቢሮው ደውላ የነገረችው ነገር ብቻ ነው።

"ጋሼ አምኃ፣ ቶሎ ና። የአባባን ድምፅ ይዘው መጥተዋል።"

ድምፅ። ደብዳቤ አላለችም፣ ወሬ አላለችም። ድምፅ ነው ያለችው።

አባቷ ደጃዝማች ኃይለመለኮት አዲስ አበባ ከታሰሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ መኖራቸው የሚታወቀው በምሳ ዕቃው ነው። እህታቸው በየቀኑ ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች፣ ዕቃው ባዶውን ይመለስላታል። ባዶውን ከተመለሰ በልተዋል፣ ከበሉ አሉ። በቃ፣ ይሄው ነው። ደርጉ አንድ ሰው ሲገድል ለቤተሰቡ ረጅም ነገር አያወራም፤ "ከነገ ጀምሮ ስንቅ አታምጡ" ይላል።

የፔንስዮኑን፣ የእንግዳ ማረፊያውን በር የከፈተችለት የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ለተንኪኤል ነች። የአስመራ ልጅ ነች፤ ጣሊያን ባሏ ሞቶ ይሄን ስድስት ክፍል ትቶላታል። ሐሙስ ሐሙስ በሰው ቤት የሚሠሩ ሐበሾች እረፍታቸውን እዚህ ነው የሚያሳልፉት፤ ዛሬ ግን ሐሙስ አይደለም፣ ቤቱ ጭር ብሏል።

"መጣህልኝ? እሰይ!" አለች በሹክሹክታ። "ያ ሰውዬ ሳሎኔ ተጎልቶ ያቀረብኩለትን ሁሉ አልቀምስም አለ። መርዝ መሰለው መሰለኝ። መርዝ ባበላው እንኳ ሳሎን ውስጥ አላበላውም፤ ምንጣፉ አዲስ ነው።"

"ጽጌ የት አለች?"

"እሱ ፊት ለፊት። ዓወይ፣ አላለቀሰችም እኮ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።"

አምኃ ገባ።

ጽጌረዳ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልትነሳ እንደተዘጋጀች ሰው ተቀምጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሷ ማዶ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ለዚሁ ጉዞ የተገዛለት የሚመስል ቡኒ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጉልበቱ ላይ ቴፕ አስቀምጧል። እጅጌው መዳፉን አልፎ ጣቱ ላይ ደርሶበታል።

"ጓድ አምኃ?"

"አምኃ ይበቃል።"

"ጓድ ፀሐዬ እባላለሁ። ውጭ አገር የሸሸ የሕዝብ ሀብት ከሚያስመልሰው ኮሚቴ ነው የመጣሁት። የእስረኛ ኃይለመለኮትን ጉዳይ..."

"ደጃዝማች ኃይለመለኮት" አለ አምኃ።

"ደጃዝማች የሚባል ነገር የለም፤ በአዋጅ ቀርቷል። ሮም ጋዜጣ አይደርስም እንዴ?" ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም፤ ደክሞታል። "ሰነዱን ቤቱ ሲፈተሽ አግኝተነዋል። ትረስት ነው የምትሉት፣ የአደራ ውሉን? በሕግ አዋቂ አስነብበነዋል። ጠባቂዎቹ ሁለት ናችሁ፤ አንተና ለንደን ያለው ጠበቃ። የቤተሰቡን ነገር የምትወስነው ግን አንተ ነህ፤ አንተ ከፈረምክ እሱም ይፈርማል። ለልጅቱ ደኅንነት ነው ብለህ ካመንክ ዋናውን ገንዘብ ማውጣት ትችላለህ፤ ተጽፏል። ሰጪው ተገዶ የሰጠው ትእዛዝ አይቆጠርም፤ እሱም ተጽፏል። ስለዚህ ተገዶ እንዳልሆነ በራሱ አንደበት ስማ።"

ቴፑን ተጫነው።

መጀመሪያ ሽርርር የሚል ነገር ብቻ ነበር። ከዚያ የወንበር ድምፅ። ከዚያ ሳል። አምኃ ያቺን ሳል ከሺህ ሳል መሃል ይለያታል፤ ያደገው በሳቸው ግቢ ነው፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ለትምህርት እንግሊዝ አገር የላኩት እሳቸው ናቸው።

"አምኃ... እንደምን ሰነበትክ። እኔ ደህና ነኝ፤ አይከፋም። ያ ባንክ ያለው ገንዘብ... የሕዝብ ነው። ለሰዎቹ አስረክባቸው። ማንም አላስገደደኝም። ከልቤ ነው የምለው። ጽጌረዳ ትሙት!"

አምኃ የሶፋውን ድጋፍ ያዘ።

ካሴቱ ላይ ድምፅ ጠፋ። ከሩቅ የሌላ ሰው ድምፅ "ለልጅቱ" ሲል ይሰማል። እንደገና ሳል።

"ጽጌዬ። አይዞሽ የኔ ልጅ። ይቺ ነገር ካለቀች ትወጣለህ ብለውኛል። ደክሞኛል። መውጣት እፈልጋለሁ። ጽጌረዳ ትሙት፣ መውጣት እፈልጋለሁ።"

ቀጭ። አለቀ።

"በልጁ ማለ" አለ ፀሐዬ ቀስ ብሎ። "ያንን እንኳ እኛ በል አላልነውም። ከራሱ ነው ያወጣው። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ትፈልጋለህ?"

አምኃ በሐሳቡ እዚያ ሳሎን ውስጥ አልነበረም። ሦስት ዓመት ወደኋላ ሄዷል።

ኅዳር 1966 ነው። ደጃዝማች ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሊያስገቡ ሮም መጥተው፣ አምኃ ከሚሠራበት ከዓለም የምግብ ድርጅቱ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ እዚያ የአክሱም ሐውልት ከተተከለበት ስር በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ለንደን ደርሰው መመለሳቸው ነው። አባታቸው በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር የገዙትን ቤት ሸጠው፣ ገንዘቡን እዚያው በአደራ አስቀምጠውታል። እዚሁ ሮም ያደርጉት ነበር፤ ግን የጠየቁት ኖታዮ፣ ውል አዋዋዩ፣ ትከሻውን ሰብቆ "እንዲህ ያለ ነገር በኛ ሕግ የለም" ብሏቸዋል።

"እንዴት ነው የሚሠራው ጌታዬ?" ብሎ ጠየቀ አምኃ። ፈርሟል እንጂ በደንብ አልገባውም ነበር።

"ለደብር የሰጠኸው ጉልት ላይ ተመልሰህ ታዝበታለህ?"

"ኧረ አላዝበትም።"

"ይሄም እንደዚያው ነው። ከዛሬ ጀምሮ የኔ አይደለም፤ ሰጥቻለሁ። ያንተም አይደለም፤ በስምህ ይቀመጣል፣ ትጠብቀዋለህ እንጂ አትበላውም። የሷ ነው፤ ግን ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላት ለትምህርትና ለኑሮዋ ከሚቆረጥላት በቀር አትነካውም።"

"ታዲያ አሁን የማን ነው?"

ደጃዝማች ሳቁ። "የማንም! ጥበቡ እሱ ላይ ነው። የማንም ያልሆነን ነገር ማን ይወርሰዋል?"

ያኔ መውረስ ማለት የሟች ልጅ የሚያደርገው ነገር ነበር። መንግሥት ቤትና መሬት የሚወርስበት ዘመን ገና አልመጣም። ደጃዝማች ግን የሸተታቸው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ቀና ብለው ሐውልቱን አዩት። "ጣሊያኖቹ ይሄንንም እንመልሳለን ብለው ፈርመው ነበር አሉ። እንዲህ ያለ አደራ እንዳትሆንብኝ አምኃ።"

"እኔ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው ጌታዬ። ተገደው ያዘዙት አይቆጠርም ይላል። ተገደው መሆኑን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በምን አውቃለሁ?"

ደጃዝማች አሰቡ። ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ።

"በልጄ ስምል ሰምተህ ታውቃለህ?"

"በጭራሽ።"

እውነቱን ነው። በዚያ ግቢ መሐላ እንደ ውሃ ነበር። ዘበኛው ሳይተኛ ማደሩን፣ ወጥ ቤቷ ቅቤውን አለመንካቷን፣ ከብት ጠባቂው ላሚቱን አለመምታቱን "ደጃዝማች ይሙቱ!" እያሉ ነበር የሚምሉት። ደጃዝማች ሰምተው "እናንተ ሰዎች፣ በቀን ስንቴ ነው የምትገድሉኝ?" ይሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ግን ቢበዛ ጊዮርጊስን ነው።

"እንግዲያው አንድ ቀን 'ጽጌረዳ ትሙት' ብዬ ስምል ከሰማህ፣ ያ ሰው እኔ አይደለሁም። የሚልህን እንዳትፈጽም። ብለምንህም፣ ባለቅስም። አደራ።"

"አደራዎትን እጠብቃለሁ። ደጃዝማች ይሙቱ!" አለ አምኃ። አፉ ስለለመደ ነው።

ተያዩና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ።

"ጋሼ" አለች ጽጌረዳ። "ጋሼ አምኃ፣ ፈርምላቸው እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?"

ወደ ሳሎኑ ተመለሰ። ፀሐዬ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

"አልፈርምም" አለ አምኃ።

"ኮዛ?" አለች ጽጌረዳ። ምን? ጣሊያንኛው ሳታስበው ነው የወጣው።

"ገንዘቡ የደጃዝማች አይደለም። የሳቸው ባልሆነ ነገር ላይ ማዘዝ አይችሉም። በራሳቸው ፈቃድ ቢሆንም እንኳ አይችሉም።"

"ፎርማሊታ!" ብላ ጮኸች። "ሰው እየሞተ ነው አንተ ስለ ፎርማሊታ ታወራለህ? እሺ የሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው አይደል? እኔ ልስጥ! ሁሉንም ይውሰዱት፣ ምን ያደርግልኛል?"

"ያንቺም ገና አልሆነም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

አምኃ ፀሐዬን ገልመጥ አደረገው። ምን ይበላት? ምልክት ነበረን ይበላት? ይሄ ሰውዬ ቁጭ ብሎ? ካሴቱ ውስጥ ምስጢር መኖሩ አዲስ አበባ ከተሰማ፣ ደጃዝማችን የሚጠብቃቸው ሞት ብቻ አይሆንም፤ ከሞቱ በፊት ያለው ነገር ነው የሚያስፈራው።

ፀሐዬ ወደፊት ጎንበስ አለ። "ጓድ አምኃ፣ እኔ የጭሰኛ ልጅ ነኝ። እናቴ ለእንዲህ ዓይነቱ ጌታ እህል ስትሸከም ነው ወገቧ የተሰበረው። ኃይለመለኮትን ወድጄ አይደለም እዚህ የመጣሁት። ግን አንዴ ልንገርህ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ከሱ ጋር የነበሩት ሰዎች ዛሬ የሉም። እሱ እስካሁን የቆየው በዚህ ገንዘብ ነው። ባዶ እጄን ከተመለስኩ ከሰኞ በኋላ ስንቅ አይቀበሉለትም። እኔንም እዚያ በአበባ አይቀበሉኝም።"

"ከሰጠኋችሁስ? ትለቋቸዋላችሁ? ማልልኝ እስቲ።"

ፀሐዬ ረጅም እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ተመልሶ ወረደበት። "እንደዚያ ብለውኛል" አለ።

"ብለውኛል።"

"እንግዲህ እኔ የምለው የተባልኩትን ነው!"

ጽጌረዳ ከሶፋው ወረደች። የወደቀባት ዕቃ የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአምኃን እግር ያዘች። ያቺ ሕፃን ሆና "ሽኮኮ አድርገኝ" እያለች ጀርባው ላይ የምትወጣው ልጅ፣ ግንባሯን ጫማው ላይ ደፋች።

"ዚዮ፣ ቲ ፕሬጎ። አጎቴ፣ እለምንሃለሁ። ሁለተኛ ምንም አልጠይቅህም። ትምህርቱንም ተወው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ሰጥተህ ይግደሏቸው። ሳትሰጥ ግን አትግደላቸው።"

"ተነሺ ጽጌ። እባክሽ ተነሺ።"

"በል ፈርም!"

"አልፈርምም።"

ፀሐዬ ቆመ። ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጽጌረዳ እጇን ዘረጋች፤ "እሱን እንኳ ተውልኝ" ማለቷ ነው። ሰውየው አያት፣ አመነታ፣ ራሱን ነቀነቀ። "የመንግሥት ንብረት ነው።" በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። "የአውሮፕላን ማረፊያው አውቶቡስ ከቪያ ጆሊቲ ነው የሚነሳው። ሊመሽ ሲል ይነሳል። እስከዚያ እዚያ ነኝ። ከዚያ በኋላ የለሁም።"

ወጣ። ደረጃው ላይ ኮቴው እየራቀ ሄደ። ለተንኪኤል ከኮሪደሩ ብቅ ብላ አየቻቸው፣ ያልተነካውን ሳህን አንስታ ሄደች።

አምኃ ወለሉ ላይ ከጽጌረዳ ጎን ተቀመጠ። አሁን መናገር ይችላል። ነገራት። ስለ ሐውልቱ፣ ስለ ከዘራው፣ ስለ ጉልቱ፣ ስለ ምልክቱ። "እምቢ በል ያሉኝ ራሳቸው ናቸው ጽጌ። ካሴቱ ላይ ነገሩኝ እኮ። ሰውየው እንደሰማው፣ አንቺ እንደሰማሽው አይደለም። 'ጽጌረዳ ትሙት' ካልኩ እኔ አይደለሁም ብለውኛል። በሕይወታቸው በስምሽ ምለው አያውቁም።"

ጽጌረዳ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር አምኃ እፎይታ መሰለው። አልነበረም።

"ምን አልክ?"

"በስምሽ ምለው አያውቁም።"

"ሴምፕሬ!" አለች። "ሁልጊዜ! ሁልጊዜ ነው በኔ የሚምሉት!"

"ሰው ፊት..."

"ሰው ፊት አይደለም። እኔና እሳቸው ብቻ ስንሆን ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ማታ ማታ አልተኛም እል ነበር። ያባብሉኛል፣ እኔ ደሞ 'አባባ አንተም ትሞታለህ?' እላለሁ። 'አልሞትም፣ ጽጌረዳ ትሙት' ይሉኝ ነበር። ክፍለ ሀገር ሲሄዱ 'ለቅዳሜ እመጣለሁ፣ ጽጌረዳ ትሙት' ይላሉ፣ ቅዳሜ ይመጣሉ። አንድም ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። እሱ እኮ የኛ ነው! የእውነት ሲሆን ብቻ ነው የሚሉት!"

አምኃ ካሴቱን በልቡ መልሶ ሰማው።

ሁለቴ ነው ካሴቱ ላይ የማሉት። አንዴ "አምኃ" ብለው። አንዴ "ጽጌዬ" ብለው። የመጀመሪያው ለሱ ነው፤ አትስጥ። ሁለተኛውስ? መውጣት እፈልጋለሁ፣ ጽጌረዳ ትሙት። ሁለቱም እውነት ቢሆንስ? መውጣት እየፈለጉ አትስጥ ብለውት ቢሆንስ? ወይስ ከሁለት ዓመት እስር በኋላ፣ ያ የቀለም ሰው፣ የሐውልቱ ስር ጨዋታ ጨርሶ ጠፍቶባቸው፣ ሰው የመጨረሻ ሲጨንቀው የሚምልበትን ብቻ አግኝተው ቢሆንስ? ሞኞች! ሁለት ሞኞች ሐውልት ስር ቆመው ለውሸት ምልክት የመረጡት፣ አንድ አባት ከሁሉ ይበልጥ እውነት መናገር ሲፈልግ የሚያወጣውን ቃል ነው።

"ያ ሰው እኔ አይደለሁም" ብለውታል። ግን እሳቸው ካልሆኑስ ያ ሳል የማን ነው? ያም ሰው ደክሞታል። ያም ሰው መውጣት ይፈልጋል። ለዚያ ሰው ማነው የሚፈርምለት?

ውጭ የፖሊስ መኪና እየጮኸ አለፈ። መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ወደ ቢጫ ሄዷል።

"ማልልኝ" አለች ጽጌረዳ።

"ምን ብዬ?"

"የመጀመሪያው ላንተ እንደሆነ። እምቢ በል እንዳሉህ፣ እርግጠኛ እንደሆንክ። ከማልክልኝ አምንሃለሁ፤ እቀመጣለሁ። ካልማልክ ግን አሁን ተነስተን እንሮጣለን። ጆሊቲ ቅርብ ነው። እንደርስበታለን።"

"ጽጌ፣ እንዲህ ያለ ነገር በመሐላ..."

"ማን ይሙት?" አለች።

ይቺን ጥያቄ ሰው በቀን አሥሬ ይጠይቃታል። ጎረቤት ለጎረቤት፣ ነጋዴ ለገበያተኛ፣ እየሳቁ። ማን ይሙት፣ በእውነት አምሮብኛል? ማን ይሙት፣ በዚህ ዋጋ ነው የገዛኸው? ማንም አይሞትም። መልሱም ጨዋታ ነው።

አምኃ የሚምልበት ሰው ፈለገ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ እናቱን አያውቃት። አንድ ስም ብቻ ነው አፉ የሚያውቀው። ከዚያ ግቢ፣ ከዘበኛው፣ ከወጥ ቤቷ የተማረው አንድ ስም።

ሰዓቱን አላየም። መስኮቱን ነው ያየው። እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም። ከፈረመ፣ የማንም ያልሆነው ነገር ነገ የነሱ ይሆናል፤ ልጅቱም ባዶ እጇን፣ አባቷም ምናልባት እዚያው እስር ቤት። ካልፈረመ ደሞ ምናልባት የሚባል ነገር የለም። ሰኞ ነው።

"ማን ይሙት ጋሼ?" ድምፅዋ ሰለለ።

"ደጃዝማች ይሙቱ" አለ አምኃ።

ጽጌረዳ ሰማችው። ቃል እንደገባችው ከወለሉ ተነስታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ። ከታች መንገዱ ላይ አንድ አውቶቡስ ወደ ጣቢያው በኩል ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። የሱ ይሁን የሌላ አላወቁም።

በዚህኛው መሐላ ግን ማንም አልሳቀም።